እትዬ ስሜነሽን በካባ ማሰናበት

ወንድይራድ የተበላሸ ነገር ዓይኑ እያየ አያልፍም። እንጀራውም በዚሁ ነው። በዚህች የበረሃ ቁማር ከተማ መሀል፣ ዳውንታውን፣ ካሉት አሮጌ ሆቴሎች በአንዱ የሕንፃ ቴክኒሻን ነው። ከካዚኖው ወለል በታች፣ እንግዳ በማይረግጠው ምድር ቤት፣ ውሃ የሚያቀዘቅዙትን ትልልቅ ማሽኖች፣ ፓምፖቹንና ቧንቧዎቹን ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ ውጭው ሲነድ፣ ውስጥ የተቀመጠው ቁማርተኛ ብርድ ብርድ ብሎት ሹራብ የሚደርበው በእሱና በባልደረቦቹ ድካም ነው። ማሽን ሲቆም አይጮህም፣ አይራገምም። እጁን ቧንቧው ላይ ያሳርፋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያ "እዚህ ጋ ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

ከሱዳን በስደተኝነት ሲመጣ ገና ጢም አላበቀለም ነበር። መጀመሪያ ሳህን አጠበ፣ ቀጥሎ ኮሪደር ጠረገ። ማንም ሳያዘው የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ሲያጠብቅ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አየውና ወደ ራሱ ክፍል ወሰደው። ከሺፍት መልስ እየተማረ የቴክኒሻን ፈቃዱን አወጣ። ጽጌወይንን አገባ፣ ኢንተርፕራይዝ ሰፈር ገና አሸዋ እያለ ቤት ገዙ፣ አርያም የምትባል ልጅ ወለዱ። ጽጌወይን ዛሬ በሕይወት የለችም።

እድራችን ሊቀመንበር አድርጎ የመረጠውም ለዚህ እጁ ነው። ከእሱ በፊት ስብሰባችን የሚያልቀው ሰው ሲርበው ነበር። እሱ ከመጣ ወዲህ ተቀይሯል። ገና ሳይቀመጥ "አጀንዳው ስንት ነው?" ይላል። "ሦስት" ይሉታል። "እንግዲያው በሦስት ነገር ብቻ እንጣላና ወደ ቤታችን እንሂድ።" ለቀብር መኪና የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ ወንበር የሚያመጣው ማን እንደሆነ፣ አስከሬን ወደ አገር ሲላክ የትኛው ቢሮ ምን እንደሚጠይቅ፣ ሁሉንም አስተካከለው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። ሰውን የሚያስከፋ ነገር ፊት ለፊት መናገር አይሆንለትም። ማሽን አይቀየምም፤ ሰው ይቀየማል። ስለዚህ ሰው ጋ ሲደርስ ዙሪያውን ይዞራል።

እትዬ ስሜነሽ የእድሩ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ያልኩት ሌላ ቃል ስለሌለኝ ነው፤ የሾማቸው ሰው የለም። እድሩ ሲመሠረት ድስት ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው፣ ከዚያ በኋላ "ማን ያብስል?" የሚል ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጉልበታቸው ያለቀው እዚያ ነው። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ግን ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሐዘንተኛ መጀመሪያ ትኩስ ነገር ይጠጣል እንጂ እንጀራ አይቀርብለትም፣ ይላሉ። የማን ቤት በጾም ዘይት አይበላም፣ የትኛው ሐዘንተኛ ብቻውን ካልተተወ አያለቅስም፣ ያውቃሉ። ጽጌወይን የሞተች ጊዜ ወንድይራድ የራሱን ቤት ማንኪያ የሚቀመጥበትን ቦታ አያውቅም ነበር። እትዬ ስሜነሽ ናቸው ያሳዩት። ልብሷን አጥፈው ሣጥን ውስጥ የከተቱትም እሳቸው ናቸው፤ እሱ የቁም ሣጥኑን በር መክፈት አቅቶት ስለነበር።

እርጅና ግን መጣ። አንድ ለቅሶ ቤት ምድጃው ጋዙ እንደተከፈተ ረሱት። ሌላ ቤት ደግሞ ባዶ ድስት እሳት ላይ ጥደው ሳሎን ገብተው ተቀመጡ፣ ጢሱን ያየ ሰው ደረሰበት። ቤት ቢቃጠል፣ ሰው ቢጎዳ፣ ተጠያቂው ማን ነው? ወንድይራድ የሚያስበው እንዲህ ነው፣ ደግሞም ልክ ነው። እዚህ ላይ ማንም አይፈርድበትም።

የኮሚቴው አባላት ዋተር ስትሪት በሚባለው መንገድ አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው መከሩ። ወጥ ቤቱ ለምግብ አቅራቢዎች እንዲሰጥ ቶሎ ተስማሙ። ከዚያ ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ።

"ታዲያ ማን ይንገራቸው?" አለች የእድሩ ጸሐፊ ትብለጥ።

"አንቺ ንገሪያቸው። ሴት ለሴት ይሻላል" አላት ተፈሪ። ተፈሪ ታክሲ ነጂ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

"የልጄ ክርስትና ላይ ድስት የጣዱት እኮ እሳቸው ናቸው። ምን ብዬ?"

"እኔም አልችልም። ገና ስጠጋቸው 'በልተሃል?' ይሉኛል። በልቼ ላባርራቸው?"

ሁሉም ወደ ወንድይራድ ዞሩ። ወንድይራድ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ አንድ የሮማ ሹም ማውራት ጀመረ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ አርያም ዩኒቨርሲቲ ሳለች የጥንት ታሪክ ተምራለች። ለልደቱ ቀን በድምፅ የሚነበብ አንድ መጽሐፍ ስልኩ ላይ ጭናለት ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት የኖረ ጸሐፊ ነው፤ የሮማን መሪዎች ሕይወት አንድ በአንድ እያነሣ፣ ይሄ መልካም አደረገ፣ ይሄ አጠፋ እያለ ይመዝናል። ወንድይራድ ከኢንተርፕራይዝ እስከ ዳውንታውን ሲነዳ እሱን ይሰማል። ሆቴሉ ሲደርስ ያጠፋዋል። እንደ ሥራ መመሪያ ነው የሚሰማው፤ ለእድሩ የሚጠቅም ነገር ይፈልግበታል።

"ካቶ የሚባል ሹም ነበር" አላቸው። "ከአገልጋዮቹ ጋር እርሻ ላይ ይሠራል፣ የሚበሉትን ይበላል፣ የሚጠጡትን ይጠጣል። ጉቦ አያውቅም። ስፔን ጦር መርቶ ሲመለስ፣ ሲዋጋበት የነበረውን ፈረስ እዚያው ትቶት መጣ። ለምን? የመርከቡን ዋጋ ሕዝቡ እንዳይከፍል። መሪ እንዲህ ነው። የሚወደውንም ቢሆን ለሕዝብ ሲል ይተዋል።"

ተፈሪ ማኪያቶውን አማሰለ። "ፈረሱስ ምን አለ?"

ሳቁ። ወንድይራድ አልሳቀም። "እኔ የምለው፣ እናክብራቸው ነው" አለ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ካባ እንደርብላቸው። የምስክር ወረቀት እንስጣቸው። ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ይገባቸዋል።"

ሁሉም ትልቅ ሸክም የወረደላቸው መሰላቸው። እኛ ዘንድ ይህ አሠራር የታወቀ ነው። አንድ ሰው በቃህ እንዲባል ሲፈለግ በቃህ አይባልም፤ ይሸለማል። ካባ ይደረብለታል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ማንም አይደውልለትም። ሁሉም ይገባዋል፣ ከተሸላሚው በቀር።

እሑድ ደረሰ። ካባው ጥቁር ነው፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። ወንድይራድ ማይክ ይዞ ጥሩ ንግግር አደረገ። ለቅሶ ቤቶቹን ጠቀሰ፣ የራሱን ቤትም ጠቀሰ። "ጡረታ" አላለም። "አበቃ" አላለም። ካባውን ራሱ ነው ትከሻቸው ላይ ያሳረፈው። እትዬ ስሜነሽ ጫፉን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ማይኩን ተቀበሉ።

"ልጆቼ፣ እኔ እኮ ሰልችቻችኋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር" አሉ። "ሰሞኑን ስልክም አትደውሉልኝ። ለካ ይሄን ደብቃችሁኝ ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በርትቼ እሠራለሁ።"

እልልታው አዳራሹን ሞላው። ትብለጥ ጫማዋን አየች። ተፈሪ አንገቱን አከከ። ማይኩ ወደ ወንድይራድ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ወንድይራድ "እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን" ብሎ አጨበጨበ።

ብዙ ሳይቆይ የአባላችን የብርሃኔ እናት አገር ቤት አረፉ። ለቅሶው እሱ ቤት ሆነ፣ ኢንተርፕራይዝ። ለእትዬ ስሜነሽ የደወለ የለም። የለቅሶ ወሬ ግን ደዋይ አይፈልግም። ከመኖሪያቸው አውቶቡስ ቀያይረው፣ ከፌርማታው በፀሐይ በእግራቸው ተጉዘው መጡ። የሽንኩርት ቢላቸውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል፣ ሽርጣቸውን እዚያው በር ላይ አሰሩ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ወጣቶች በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይደረድራሉ።

"እናቴ፣ ለቀስተኛ በሳሎን በኩል ነው የሚገባው" አለቻቸው አንደኛዋ፣ በትሕትና።

"እኔ የወጥ ቤቱ ነኝ" አሉ እትዬ ስሜነሽ።

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ወንድይራድ ዞረች። ወንድይራድ ጥግ ላይ ቆሞ የብርሃኔን ኤሲ መቆጣጠሪያ ከፍቶ ሽቦ ያይ ነበር። የሚሠራ ነገር አግኝቶ ነው እንጂ ማንም አልጠየቀውም። ዞረና ሳቅ አለ።

"እትዬ ስሜነሽ፣ ዛሬ ይረፉ እንጂ። ካባ የለበሰ ሰው ሽንኩርት አይከትፍም።"

እትዬ ስሜነሽ ምግቡን አዩ፣ ወጣቶቹን አዩ፣ እሱን አዩት። "ካባው ለዚህ ነው?" አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ኧረ ለክብርዎ ነው።"

"ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜው?"

ወንድይራድ ወደ ሽቦው ተመለሰ። "እንነጋገርበታለን" አለ።

እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ሽርጡን ሊፈቱ ሞከሩ፣ ቋጠሮው እምቢ አለ። የረዳቸው የለም። ከነሽርጣቸው ሳሎን ገብተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ብርሃኔ ቀይ ዓይኑን ቀና አድርጎ ሲያያቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እትዬ ስሜነሽ፣ ንፍሮው አልደረሰም እንዴ?" አለ። ከፎይሉ ሥር ንፍሮ አልነበረም። ንፍሮ ማዘዝ ያሰበ አልነበረም።

"እኔ ዛሬ እንግዳ ነኝ ልጄ" አሉት። "እነሱን ጠይቃቸው።"

ወንድይራድ ወጥ ቤት ሆኖ ይህን ሰማ። የኤሲውን ክዳን መልሶ ሲገጥም ብሎኑ እጁ ላይ ተንሸራተተበት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖበት አያውቅም።

ወደ ቤት ሲመለስ፣ ለቅሶው ላይ አብራው የዋለችው አርያም መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣለች። መኪናውን ሲያስነሣ ስልኩ በራሱ ጊዜ ተገናኘና መጽሐፉ ካቆመበት ቀጠለ። ያቆመው ደግሞ ካቶ ላይ ነው፤ የፈረሱን ምሳሌ ባገኘ ቀን ሆቴሉ ስለደረሰ ነበር ያጠፋው፣ ከዚያ ወዲህም አልከፈተውም።

አንባቢው ስለ ካቶ አገልጋዮች ቀጠለ። ካቶ አገልጋዮቹ ሲያረጁ ይሸጣቸው ነበር፣ የማይሠራ ሰው አይቀለብም ብሎ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ታሪኩን አቆመና ስለ ራሱ ተናገረ። ይህን የሚያደርግ ሰው በእኔ ዘንድ ልቡ ጠባብ ነው፤ ሕይወት ያለው ፍጡር እንደ አለቀ ጫማ፣ እንደ ተሰበረ ዕቃ አይጣልም፣ እኔ ያረጀ በሬዬን እንኳ አልሸጥም አለ። አቴናውያን ቤተ መቅደስ ሲሠሩ ድንጋይ ያመላለሱትን በቅሎዎች ነፃ ለቀቋቸው፤ አንዷ በቅሎ በገዛ ፈቃዷ እየተመለሰች ከሚሠሩት ፊት ፊት ትሄድ ነበር፣ ሕዝቡም እስክትሞት በመንግሥት ወጪ ትቀለብ ብሎ ወሰነላት። ስለ ፈረሱም አነሣ፦ ያ ትልቅነት ይሁን ትንሽነት፣ አንባቢ ራሱ ይፍረድ አለ።

ወንድይራድ አንድ ሱቅ ፊት ገብቶ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አላጠፋም።

"አባ፣ ይሄ እኮ ዋናው ፓርት ነው" አለች አርያም። "አልሰማኸውም ነበር?"

"ሥራ ደርሼ ነበር።"

"ጸሐፊው እንደዚህ ነው ሰውን ጀጅ የሚያደርገው። ዋሩን፣ ጦርነቱን ብቻ አያይም። ትንሿን ነገር ያያል፣ ቤት ውስጥ ያደረገውን።" ፊቱን አየችው። "እትዬ ስሜነሽ ሳሎን ውስጥ ለምን ሽርጥ አደረጉ?"

ነገራት። ምድጃውን፣ ስብሰባውን፣ የፈረሱን ምሳሌ፣ ካባውን። ሳይቆርጥ ነገራት፣ ብልሽት ለአለቃው እንደሚያስረዳ ሠራተኛ።

"ሳትነግራቸው?" አለች። "ወይኔ ዳድ። ፓርቲ አድርጋችሁ ነው ከሥራ ፋየር ያደረጋችኋቸው?"

አንገቱ ድረስ ጋለ። ከሁሉ ያቃጠለው ፈረሱን በምሳሌነት ማንሣቱ ነው። ጸሐፊው ካቶን የተጠራጠረበትን ነገር ይዞ፣ መሪ እንዲህ ነው ብሎ ሰው ፊት አስተምሯል። ግማሹን ሰምቶ። የንድፉን ግማሽ ብቻ አይቶ ቧንቧ የቆረጠ ሰው ቢያገኝ እሱ ራሱ ምን እንደሚለው ያውቃል።

በማግስቱ ለተፈሪ ደወለ።

"ቀላል ነው" አለው ተፈሪ። "እኔና አንድ ሽማግሌ እቤታቸው ይዘንህ እንሂድ። ትንበረከካለህ፣ ያነሡሃል፣ ምሳ ይሰጡናል፣ አለቀ።"

ደግ ሐሳብ ነበር። ግን ወንድይራድ ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ሰው ትዝ አለው። ፋቢየስ የሚባለውን ጥንቁቅ የጦር አዛዥ፣ ሚኑቺየስ የሚባል ሹም በሠራዊቱ ፊት ይንቀው ነበር፤ በጥድፊያው ወጥመድ ውስጥ ሲገባ ያዳነው ያው የናቀው ሰው ሆነ። ሚኑቺየስ ማታ ተደብቆ ይቅርታ አልጠየቀም። ወታደሮቹን ሁሉ አሰልፎ ወደ ፋቢየስ ድንኳን ሄደና ሁሉም እየሰማ "አባቴ" አለው። ጸሐፊው ይህን ሲተርክ ድምፁ ይለሰልሳል።

ለእትዬ ስሜነሽ ደወለ። ስልኩን ለማንሣት ቆዩ።

"እቤትዎ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅ" አላቸው።

"አትምጣ።"

"እትዬ ስሜነሽ..."

"ካባውን ያለበስከኝ ሰው ፊት አይደል? እዚህ መጥተህ ብትንበረከክ ማን ያያል፣ የጎረቤቴ ድመት? ሰው እኮ 'ስሜነሽ ራሷ ሰለቻት፣ ተወችው' ነው የሚለው። ከሰው ቤት ለቅሶ የቀረሁ እኔ ሆንኩ። እኔ ቀርቼ አላውቅም። ያኔ ባወራህበት ቦታ አውራው። ካልሆነ ተወው።"

ስለዚህ ወደ እሑዱ ስብሰባ ሄደ። ሸሚዙን አርያም ተኩሳለታለች። አዳራሹ ሞልቷል፣ እትዬ ስሜነሽ ግን የሉም። ጠበቀ። ሰው መንቆራጠጥ ጀመረ። ሳይመጡ የቀሩ መሰለው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም አለው፣ ለዚያም ወዲያው አፈረ። ተነሣና ማይኩን ያዘ።

"በወጥ ቤቱ ርክክብ ላይ የአሠራር ክፍተት ተፈጥሯል" አለ። "ኮሚቴው ተገቢውን መረጃ በወቅቱ ባለማድረሱ ቅሬታ ተነሥቷል። እንደ ሊቀመንበር በኮሚቴው ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ሰው አጨበጨበ። የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። ሊቀመጥ ሲል በሩ ተከፈተ፤ እትዬ ስሜነሽ በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ።

"አውቶቡሱ ነው" አሉ። "ምን ላይ ደረሳችሁ?"

"ወንድይራድ ይቅርታ ጠይቆዎት ጨረሰ" አለ ተፈሪ።

"እኔ ሳልኖር?"

ሳቅ ፈነዳ። "ማንን ነበር ታዲያ የጠየቀው?" አለ ከኋላ አንዱ። "ኮሚቴው ኮሚቴውን ነው" ተባለ። "ይድገመው" አለች ትብለጥ፣ ይህን ስትል ግን እሷም ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

ወንድይራድ ማይኩን እንደገና አነሣ። ክፍተት፣ ርክክብ፣ መረጃ፣ ሁሉም አፉ ላይ መጡ፤ እሳቸው እያዩት አንዱም አልወጣም።

"ሁለት ጊዜ ምድጃ ረሱ" አለ። "ሰው እንዳይጎዳ ፈራን። እሱን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፣ እኔ ግን ፊትዎን ፈራሁ። ካባውን የደረብኩልዎት ዝም ብለው እንዲቀሩ ነው። በርትቼ እሠራለሁ ሲሉ ማይኩ እጄ ላይ ነበር። አጨበጨብኩ። ብርሃኔ ቤት ሽርጥዎን እንኳ አልፈታሁልዎትም። እርስዎ እኔ ቤት ያደረጉትን እያወቅሁ።"

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ተፈሪ መሬት መሬት ያያል።

"ምድጃውን ረስቼ ነበር?" አሉ እትዬ ስሜነሽ።

"አዎ።"

"ሁለቴ?"

"ሁለቴ።"

ፊታቸው ተለወጠ። ይህን አሁን ነው የሰሙት፣ ያውም ሰው ሁሉ ፊት። እዚያ የነበርን ሁሉ፣ ይቅርታው ራሱ ሌላ ውርደት እንደሆነባቸው አየን፤ ወንድይራድም አየ። ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

"ብትነግሩኝ አለቅስ ነበር" አሉ። "ሁለት ቀን አልቅሼ እተወው ነበር። አሁን ምድጃው አጠገብ አልሄድም፣ እሳት ሌላ ሰው ያንድድ። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚገባ ግን ጠይቁኝ። ያለ ንፍሮ ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም።" ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደው አንድ ባዶ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በሉ ቀጥሉ። ቀጣዩ አጀንዳ ምንድን ነው?"

ትብለጥ ተቀመጠች። ስለ መቃብር ቦታ ማንበብ ጀመረች። ወንድይራድ ግን ማይኩን እንደያዘ ቀረ። ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ ተቀመጥ የሚለው ሰው እየጠበቀ ቆመ፤ እሳቸውም ሆኑ ሌላ ሰው ተቀመጥ አላሉትም።